ሁለት ድምፆች ከጃሮ፦ የንባብና የድርሰት ክበብ የ2016 የትምህርት ዘመን ዘገባ

ክበባችን ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል ሲሰበሰብ ቆይቷል። ዓመቱን የጀመርነው በ23 አባላት ሲሆን፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመጋቢት በኋላ ለብሔራዊ ፈተና ዝግጅት ሲሉ በመቅረታቸው እስከ መጨረሻው የዘለቁት 16 ናቸው። የዓመቱ ሥራችን የሮማ ጦር ከብሪታንያ ከወጣ በኋላ በነበሩት ጥቂት መቶ ዓመታት በእንግሊዝ ምድር ስለኖሩ ሰዎች ማንበብና በዚያ ዘመን ላይ የተመሠረተ ታሪካዊ ልብ ወለድ በአማርኛ መጻፍ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የእንግሊዝ ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወላጆችም የሥራ ባልደረቦቼም ደጋግመው የጠየቁኝን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፤ የራሳችን ታሪክ ሞልቶ ሳለ ስለ ምን እንግሊዝን መረጣችሁ? ባለፉት ሁለት ዓመታት አባላቱ ስለ ሀገራችን ነገሥታትና ጦርነቶች የጻፏቸውን ታሪኮች ሳነብ፣ አብዛኞቹ ማን ጀግና ማን ከሃዲ እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ገጽ ወስነው የተነሡ፣ ከቤትና ከሰፈር የተሰማውን ፍርድ በገጸ ባሕርያት አፍ የሚደግሙ ሆነው አገኘኋቸው። ልጆቹን አልወቅስም፤ ሰው የሚያውቀው የመሰለውን ነገር ለመመርመር አይቸኩልም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥታት በነበሩት በኖርተምብሪያና በሜርሲያ ነገሥታት ጠብ ግን ማንም ተማሪ አስቀድሞ የያዘው ወገን አልነበረውም። አንዲት ገጽ ለመጻፍ እንኳ ሰዎቹ ምን ይበሉ፣ በምን ይተኙ፣ ምን ይፈሩ እንደነበር ጠይቆ ማወቅ ግድ ሆነባቸው፤ የፈለግሁትም ይህንኑ ግዴታ ነበር።

የንባባችን ዋና ምንጭ በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው የጃሮ ገዳም መነኩሴ ቢድ በ731 ያጠናቀቀው የእንግሊዝ ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በላቲን ስለሆነ፣ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ የመረጥናቸውን ክፍሎች እኔና የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህሩ ወደ አማርኛ መልሰን በፎቶ ኮፒ አባዝተን አድለናል። ቢድን ያስቀደምኩት በመቅድሙ ላይ የየትኛውን አገር ወሬ ከማን እንዳገኘ በስም ስለሚዘረዝር ነው። ከእርሱ ወስደን እያንዳንዱ አባል ከድርሰት ደብተሩ ጎን ሌላ ቀጭን ደብተር እንዲይዝና ለሚጽፈው ነገር ሁሉ «ይህን ከየት አገኘሁት» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲያሰፍርበት አደረግን። በዓመቱ መጨረሻ ከድርሰቶቹ ይልቅ እነዚህን ቀጫጭን ደብተሮች በበለጠ ደስታ እንዳነበብኳቸው ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

በኅዳር ያነበብነው ታሪክ የ627ቱ ነው። የኖርተምብሪያው ንጉሥ ኤድዊን አዲሱን ሃይማኖት፣ ክርስትናን፣ ይቀበል እንደሆነ ሹማምንቱን ሲያማክር፣ ከመካከላቸው አንዱ የሰውን ዕድሜ በብርድ ሌሊት ወደ አዳራሹ በአንዱ በር ገብታ በሌላው በምትወጣ ድንቢጥ መስሎ እንደተናገረ ቢድ ጽፏል። አዳራሹ የእንጨት ነው፤ እሳቱ መሀል ወለሉ ላይ ይነዳል፤ የጭስ ማውጫ የለም። ሁላችንም በምሳሌው ትርጉም ላይ ስንከራከር፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ገጠር ከአያቱ ጋር ያደገ አንድ ልጅ «ድንቢጧ ጭሱን እንዴት ቻለችው?» ሲል ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ገጽ አንድ ሰው በጭስ ዓይኑ ሲያለቅስ፣ አጠገቡ ያለው ንጉሥ ሰውዬው ያዘነ መስሎት የተሳሳተበት ትዕይንት ነበር። ከተማ ተወልደው ያደጉት ጓደኞቹ በየትኛውም መጽሐፍ ሊያገኙት የማይችሉት ዕውቀት ነበርና፣ የዓመቱ የመጀመሪያው እውነተኛ ገጽ ይህ ነው ብዬ መዘገብ እችላለሁ።

ካነበብናቸው ሁሉ ተማሪዎቹን በጣም ያቀራረባቸው የፋሲካ ክርክር ነው። የኖርተምብሪያው ንጉሥ ኦስዊ ከአየርላንድ የመጡትን መነኮሳት ሥርዓት ሲከተል፣ በኬንት ያደገችው ንግሥት ኤንፍሌድ ደግሞ የሮማን ሥርዓት ትከተል ስለነበር፣ ንጉሡ ፋሲካን ሲያከብር ንግሥቲቱ ገና ሆሣዕና ላይ ሆና በጾም የምትቆይበት ጊዜ ይገጥም ነበር። ጉዳዩ በ664 እመምኔቷ ሂልዳ በምታስተዳድረው በዊትቢ ገዳም በተጠራው ጉባኤ ቀርቦ ንጉሡ ለሮማውያኑ ፈረደ። አየርላንዳውያኑ የሚቆጥሩት በ84 ዓመት ዑደት ሲሆን፣ የሮማው ወገን ያቀረበው ከእስክንድርያ የተወረሰውን የ19 ዓመት ዑደት ነው። ይህን ስናገር ከአባላቱ አንዱ የሆነ ዲያቆን ብድግ ብሎ «መምህር፣ ይህ እኮ የኛው ንዑስ ቀመር ነው» አለና ጠመኔ ተቀብሎ ቤተ ክርስቲያናችን በዓላትን የምታወጣባቸውን ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕን፣ በሰሌዳው ላይ አወጣ። ቢድ በ725 ስለ ዘመን አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ የ532 ዓመት ሰንጠረዥ እንዳዘጋጀ ስነግራቸው፣ ልጁ ዐቢይ ቀመርም 532 ዓመት መሆኑን አስረዳን። ሁለቱም ከአንድ የእስክንድርያ ምንጭ የተቀዱ ናቸውና ግጥጥሙ የአጋጣሚ አይደለም። በቀጣዩ ሳምንት ከመጡት ድርሰቶች ሰባቱ ባል ሥጋ በሚበላበት ማዕድ ጎን ስለምትጾም ንግሥት የተጻፉ ነበሩ፤ ጾመኛና በላተኛ በአንድ ቤት ሲኖሩ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሚሰፍን ከእኔ መማር አላስፈለጋቸውም።

በጥር ወር አንድ ቁም ጸሐፊ ጋብዘን ፍየል ቆዳ እንዴት ብራና እንደሚሆን አሳዩን። ቢድ በኖረባቸው በዊርማውዝና በጃሮ ገዳማት በዋነኛነት የተሠራበት የጥጃ ቆዳ ነው፤ እነርሱ በላባ ብዕር ሲጽፉ የእኛ ጸሐፊዎች በመቃ ይጽፋሉ። እነዚያ መነኮሳት ከ716 በፊት ካዘጋጇቸው ሦስት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሶች አንዱ ዛሬም በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ይገኛል፤ ከ1,000 የሚበልጡ ቅጠሎች ያሉት ሲሆን ክብደቱ 34 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እንግዳችን ከአንድ ቆዳ ስንት ቅጠል እንደሚወጣ ጠይቀው፣ ሁለት ቢሆን ከ500 ጥጆች በላይ እንደሚጠይቅ ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ከብቶቹን ማን ጠበቃቸው?» አሉ። ጥያቄያቸው በሦስት ተማሪዎች ድርሰት ውስጥ እረኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ ስሕተቶቻችንም መዘገብ ይገባኛል። በመጀመሪያው ዙር ድርሰቶች መነኮሳቱ ድንች በሉ፣ ሎሌው ቡና አፈላ፣ ንጉሡም ከድንጋይ ግንብ ሰገነት ላይ ቆሞ ጠላቱን ተመለከተ። ድንች፣ ቲማቲምና በቆሎ ከአሜሪካ የመጡት ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይተው ነው፤ የድንጋይ ግንቦቹም ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት የኖርማኖች ሥራ ስለሆኑ ከ1066 በኋላ የሚመጡ ናቸው። «ያልነበሩ ነገሮች» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈን በየሳምንቱ ስንጨምርበት ቆየን። ዝርዝሩ ቃሪያ ላይ ሲደርስ አንዲት ተማሪ ስለ አክሱም ዘመን በጻፈችው የአምናው ድርሰቷ ንግሥቲቱን የበርበሬ ወጥ እንዳበላቻት ትዝ አላት፤ ቃሪያም ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ ነውና። ማንም ሳይጠይቃት የአምናውን ደብተር ቤቷ ሄዳ አርማ መጣች።

ከሁሉ የከበደን ግን ቋንቋው ነው። የእንግሊዝን የብርድ ወራት «ክረምት» ብለን ስንጽፍ አንባቢው ዓይን ላይ የሚመጣው ዝናብና ጭቃ ነው፤ «በረዶ» ስንልም ጣሪያ የሚደበድበው እንጂ በጸጥታ የሚወርደው ነጩ አይታየውም። ስለዚህ «የብርድ ወራት» የሚለውን መርጠን፣ ነጩን በረዶ ደግሞ በስም ከመጥራት ይልቅ እየገለጽነው ሄድን። ከማር የሚጣለውን መጠጣቸውን «ጠጅ» እንበለው ወይስ አንበለው በሚለው ላይ ሁለት ረቡዕ ተከራከርን፤ ጠጅ ሲባል ጌሾውና ብርሌው አብሮ ይመጣልና «የማር መጠጥ» በሚለው ተስማማን። ሹማምንቱን ደጃዝማችና ፊታውራሪ ማለትንም በዚሁ ምክንያት ከለከልኩ። በሌላ በኩል «ጌታ» ማለት የሆነው የዛሬው የእንግሊዝኛ ቃል «ሎርድ» በጥንቱ ቋንቋቸው «እንጀራ ጠባቂ»፣ «እመቤት» ማለት የሆነው «ሌዲ»ም «ሊጥ አቡኪ» ከሚል እንደመጣ ሲሰሙ፣ ሎሌ ጌታውን «እንጀራዬ» ብሎ ሲጠራ የሚያሳይ ድርሰት መጣ፤ ይህን አልከለከልኩም፣ ሁለቱ ቋንቋዎች በራሳቸው መንገድ ተገናኝተዋልና።

በዚሁ ረገድ መፍትሔው ያልተዋጠልኝ አንድ ጉዳይ አለ። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ አንድን ሰው ሲያናግሩ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ የሚጠቀሙት «አንተ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ «እርስዎ» የሚባል አነጋገር አልነበራቸውም። ታዲያ ታዳጊው ልጅ አበምኔቱን ምን ብሎ ይጥራ? ከፊሎቹ «በጸሎት እግዚአብሔርን አንተ እንለው የለም እንዴ» ብለው «አንተ» እንዲሆን ተሟገቱ። ሌሎቹ ደግሞ የአማርኛ አንባቢ አበምኔቱን «አንተ» የሚል ልጅ ሲያይ ባለጌ ነው ብሎ እንደሚፈርድና ይህም ሐሰት እንደሚሆን ተከራከሩ። ወደ ሁለተኛው ወገን አደላሁ፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ያነሡት ቅርበት ከገጹ ላይ እንደጎደለ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ስለ ሌሎቹ ንባቦቻችን ባጭሩ ላስታውስ። ከዚያ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥታት አንዱ በነበረው በዌሴክስ ሕግ የተራው ሰው የደም ዋጋ 200 ሽልንግ፣ የመኳንንቱ 1,200 እንደነበር አንብበን ከኦሮሞ የደም ካሳ ከጉማ ሥርዓት ጋር አነጻጽረናል። ዘፈን ስለማያውቅ በገና በእጁ ሊደርስ ሲል ከግብዣው ተነሥቶ ወደ ከብቶቹ በረት ስለሚሄደው ስለ ኬድሞን ያነበብን ዕለት፣ ዓመቱን ሙሉ ጮክ ብሎ ለማንበብ ሲያፍር የቆየ አንድ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ድርሰቱን በራሱ ድምፅ አነበበልን። የሰሜን አፍሪካው ተወላጅ መነኩሴ ሐድርያን፣ ከሊቀ ጳጳሱ ከቴዎድሮስ ዘጠርሴስ ጋር በካንተርበሪ ትምህርት ቤት ስለማቋቋሙም አንብበናል።

ወደ ዓመቱ ዋና ሥራ ልመለስ። በ686 ገደማ የወረደው ወረርሽኝ በጃሮ ገዳም መዝሙሩን እየተቀባበሉ መዘመር ከሚችሉት ሁሉ አበምኔቱን ቼልፍሪዝንና እርሱ ያሳደገውን አንድ ታዳጊ ልጅ ብቻ እንዳስቀረ፣ ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ በአበምኔቱ ገድል ውስጥ መዝግቧል። አበምኔቱ በኀዘን ከሠርክና ከማለዳ ጸሎት በቀር ዳዊቱ ያለ ምላሽ እንዲደገም አዘዘ፤ ሳምንት በእንባ ካለፈ በኋላ ግን ሊታገሠው ስላልቻለ፣ ከልጁ ጋር ሁለቱ ብቻ በብዙ ድካም ሙሉውን ሥርዓት መልሰው ያዙ። ልጁ ቢድ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ጽሑፉ ግን ስሙን አይጠራም። ተማሪዎቹ «ቢድ እንበለው» ብለው አጥብቀው ጠይቀውኝ ነበር። እኔ ግን ደራሲ የሚገባው መዝገቡ ዝም ባለበት ቦታ ቢሆንም፣ መዝገቡ አውቆ የሸፈነውን ስም መግለጥ ሌላ ነገር ነው ብዬ ስላሰብኩ ልጁ ያለ ስም እንዲቀር ወሰንን።

ከቀረቡት 11 ድርሰቶች አሥሩ ታሪኩን በልጁ ወይም በአበምኔቱ ዓይን የተረኩ ናቸው። አሥራ አንደኛው፣ የአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቅጥሩ ውጭ ነው። በየጠዋቱ ዳቦ ይዛ ወደ ገዳሙ ደጃፍ የምትመጣ አንዲት ሴት አለች፤ ሴት ናትና ከደጃፉ አታልፍም፤ ላቲንም አታውቅም። የምታውቀው የድምፆቹን ብዛት ብቻ ነው። በየቀኑ ድምፅ ሲጎድል ሙሉ ትዕዛዟን ይዛ መምጣቷን አትተውም፤ ዝማሬው ፈጽሞ የጠፋ ጊዜ ዳቦውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች፤ በስምንተኛው ቀን አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ድምፅ እየተቀባበሉ ትሰማለች። ታሪኩ እዚያው ላይ ያልቃል። ሴትዮዋ በየትኛውም መዝገብ የለችም፤ ነገር ግን ገዳም ዳቦ ይበላልና አንድ ሰው ማቅረቡ አይቀርም ስትል ጸሐፊዋ በቀጭን ደብተሯ አስፍራለች።

ድርሰቱ በግንቦት ሁለት ቀን በምሳ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ተነቧል፤ መጨረሻ ላይ ያሉትን የዳዊት ስንኞች ዲያቆኑ ልጅና አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ተቀባብለው አዜሟቸው። አሥራ አንዱ ድርሰቶች ከቀጫጭን ደብተሮቹ ጋር በአንድ ላይ ተጠርዘው በቤተ መጻሕፍቱ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። የትርጉሙን ሥራ ለተጋሩኝ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህሩ፣ ዘመናቱን ላረሙልን ለታሪክ መምህርቷ፣ ረቡዕ ረቡዕ ዘግይተው በሩን ለሚዘጉልን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ምስጋናዬ የጠለቀ ነው። ጥራዙ ወደ ጠራዡ በሚሄድበት ዕለት ጠዋት የዳቦዋ ታሪክ ጸሐፊ ቢሮዬ ድረስ መጥታ አንድ ቃል እንዳስተካክልላት ለመነችኝ፤ በሦስት ቦታ «የስንዴ ዳቦ» ብላ የጻፈችውን፣ ሴትዮዋ ድሃ ናትና «የገብስ» እንዲሆንላት ትፈልግ ነበር። በእስክሪብቶ ሰርዘን በሦስቱም ቦታ «የገብስ» ብለን ጻፍን።