ለልጄ፦ ስለ ማርሴይ ሳሙና

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ?

ፓሪስ ሱቅ ውስጥ «ሳቮን ደ ማርሴይ» (የፈረንሳይ ወደብ ከተማ የማርሴይ ሳሙና ማለት ነው) የሚለው ስም በፈሳሹም ሽቶ በበዛበቱም ሳሙና ላይ ተለጥፎ ታገኚዋለሽ። ስሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንምና ጀርባውን አንብቢ። በጥንቱ አሠራር የተሠራው ውስጥ ያለው ጥቂት ነገር ነው፦ ሶዲየም ኦሊቬት (ከወይራ ዘይት)፣ ሶዲየም ኮኮት (ከኮኮናት)፣ ሶዲየም ፓልሜት (ከፓልም)፣ ውሃ፣ ጨው፣ ኮስቲክ ሶዳ (ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው)። ሶዲየም ታሎዌት ካየሽ የእንስሳ ሞራ ነው። ሽቶ ወይም ማቅለሚያ ካለበት ተይው። አረንጓዴው በአብዛኛው ከወይራ፣ ነጩ ከኮኮናትና ከፓልም ይሠራል። ላዩ ላይ የታተመው 72% ከዘይት የመጣውን ድርሻ ያሳያል፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው።

በፈረንጆች 1688 በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ዘመን የወጣው አዋጅ ከወይራ ዘይት ሌላ ቅባት ከልክሎ ነበር። ሙቀት ሳሙናውን ስለሚያበላሽ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በሚሏቸው የፈረንጆች ወራት ማምረትም ክልክል ነበር። ኮኮናትና ፓልሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በማርሴይ ወደብ ገቡ። ዛሬም ጥቂት ፋብሪካዎች፣ ለምሳሌ ሳሎን ደ ፕሮቫንስ በምትባል ከተማ ያለው ማሪዩስ ፋብር፣ ዘይቱንና ሶዳውን በትልቅ ጋን ለቀናት ያፈላሉ፤ ከዚያ የተረፈውን ሶዳ በጨው ውሃ ያጥቡታል። ሳሙናው ቆዳ የማያቃጥለው በዚህ እጥበት ምክንያት ነው፤ እኔም ዋጋው የሚገባው የምለው ስለዚህ ነው።

ፈረንሳዮች ከወጥ ቤት ማጠቢያው አጠገብ የሚያስቀምጡት ለእጅና ለእድፍ ነው። የሸሚዝ ኮሌታ ሲቆሽሽ በለብ ያለ ውሃ አርጥቢው፣ ሳሙናውን በደንብ እሺበት፣ ግማሽ ሰዓት ተይው፣ በብሩሽ ፈትገሽ ከሌላው ልብስ ጋር እጠቢው። ደም ከሆነ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ክሩ ላይ ያደርቀዋል። ቡና ወይም ቀይ ወይን ከፈሰሰብሽ ግን ሳሙና አታስነኪው። ታኒን የሚባለውን ቀለማቸውን ያጸናዋልና በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ቶሎ ቶሎ አለቅልቂ። ለነጭ ነጠላ ይህን የመሰለ ሳሙና የለም፤ ጥለቱን ግን አስቀድመሽ ጫፉን አርጥበሽ በነጭ ጨርቅ ጫን በይው፣ ቀለም ከለቀቀ ለብቻው እጠቢ።

ብዙዎች 50 ግራም ፈቅፍቀው በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ እያሟሙ ለማሽን ይጠቀሙበታል። እኔ አልመክርሽም። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ 2 ሊትር ቢያደርጉትም አንዳንዴ ይጓጉላል። ከዚያ የባሰው የፓሪስ ውሃ ካልሲየም የበዛበት መሆኑ ነው። ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተዋህዶ የማይሟሟ ዝቃጭ ይፈጥራል፣ ከማሽኑ ቱቦና ከልብሱ ላይ ይለጠፋል። ፎጣው ይገረጣል፣ ውሃ መምጠጥም ያቆማል። ለማሽን የማሽኑን ሳሙና ግዢ።

ሆምጣጤ ከሳሙናው ጋር አንድ ላይ አትጨምሪ፤ አሲዱ ሳሙናውን አፍርሶ መልሶ ቅባት ያደርገዋል። በእጅ ካጠብሽና ሳሙናው ከወጣ በኋላ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብ ብታደርጊበት ግን የካልሲየሙን ዝቃጭ ያነሳልሻል።

ለፊትና ለፀጉር አትጠቀሚበት። ቆዳ በትንሹ አሲዳማ ነው፣ ይህ ሳሙና ግን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 መሃሉ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ ነው) 9 እስከ 10 ስለሚደርስ ያደርቃል። አንሶላ ስር አስቀምጠው ባታቸው እንዳይሸመቅቅ የሚሉ አሮጊቶች ታገኚያለሽ፤ ማስረጃ የለውም፣ ጉዳትም የለውም።

የ600 ግራሙን ከገዛሽ ገና ትኩስ ሳለ በቀጭን ሽቦ ለአራት ቁረጪው፤ ከደረቀ በኋላ ይሰነጠቃል። የማትጠቀሚበትን ቁራጭ አየር በሚገባበት ቁም ሳጥን ውስጥ ተይው፤ በደረቀ ቁጥር ቀስ ብሎ ያልቃል። በእጅሽ ያለውን ግን ቀዳዳ ባለው ማስቀመጫ ላይ አድርጊ፣ ውሃ ላይ ከተኛ ይላቁጣል።

እናትሽ