ያልመለስናቸው ፔርሙዞች (የምስጋና መልእክት)

ሰላም ለሁላችሁም። ባለቤቴ ባለፈው ቅዳሜ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ክብር ለጌታ ይሁን!

የሆነውን ስለምታውቁት አልደግመውም። ልጻፈው ብልም እጄ እሺ አይለኝም። 47 ቀን ነው፣ በቃ። ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው። ስማችሁን የምዘለው ብዙ ናችሁና ከአሁኑ ይቅርታ።

ከማን ልጀምር? ከእትዬ ነዋ! "ስሜን ጽፈህ ባገኝ አላናግርህም" ስላሉኝ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ።

እትዬ ካዛንቺስ ስትፈርስ ገላን ጉራ ከገቡት መካከል ናቸው። ረቡዕ ማታ በየቤቱ ለጸሎት የምንሰበሰብበት የቤት ኅብረታችን የተበተነው ያኔ ነው። እኔማ በልቤ "አበቃ፣ ከእንግዲህ ረቡዕ ማታ የሚባል ነገር የለም" ብዬ ነበር። ከገላን ጉራ መሀል ከተማ ድረስ በትራንስፖርት ሰልፍ መምጣት ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ በር ላይ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው አጥሚት ያለበት ፔርሙዝ፣ በሌላው ፌስታል ውስጥ የገባ ፍርፍር። አጥሚቱ ለእሷ፣ ፍርፍሩ ለእኔ። "አስታማሚው ካልበላ በሽተኛው ሁለት ይሆናል" ይላሉ። ጥበቃው መጀመሪያ ቀን አላስገባም አላቸው። በሦስተኛው ቀን ለእሱም ሻይ ይዘው መጡ። በሳምንቱ "እናቴ ዛሬ ቀሩ እንዴ?" እያለ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር።

አንድ ቀን ሐኪሙን ላናግር ወጥቼ ስመለስ ፀጉሯን ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። ሦስት ሳምንት ማበጠሪያ ያልነካው ፀጉር ነው። ሥሩን በጣታቸው ያዝ አድርገው፣ እንዳያማት፣ ጫፍ ጫፉን በቅባት እያለሳለሱ ሲያፍታቱት ረፋዱ አለቀ። ከዚያ ሹሩባ ሠሯት። ባለቤቴ መስታወት ጠየቀች። ሆስፒታል ከገባች መስታወት ስትጠይቅ ያ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ... ተዉት፣ ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

ቅደም ተከተሉ እየተምታታብኝ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሌሊት ነበረች። የሁለተኛው ኦፕሬሽን ዋዜማ። "እትዬ፣ እኔ ከዚህ በኋላ አልጸልይም፣ ደክሞኛል" አልኳቸው። እውነቴን ነበር። የተቆጡኝ መስሏችሁ ከሆነ አልተቆጡም። ጥቅስም አልጠቀሱልኝም። "አንተ ተኛ፣ እኔ እጸልይልሃለሁ። እኔም ሲደክመኝ አንተ ትጸልይልኛለህ። ለዚህ አይደል እንዴ አንድ ላይ የሆንነው?" አሉ። ነጠላቸውን ተከናንበው ፕላስቲክ ወንበር ላይ አደሩ። እኔ ተኛሁ። ከስንት ቀን በኋላ ተኛሁ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ቤተክርስቲያናችን በር ላይ የተሰቀለው ባነር አለ አይደል፣ "ራእያችን፣ ተልእኳችን፣ እሴቶቻችን" የሚለው? እሱን ያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ሦስት ቅዳሜ ተሰብስበናል። "ፍቅር" ይቅደም ወይስ "ቅድስና"፣ "አገልግሎት" ብቻ ይበቃል ወይስ "ሁለንተናዊ አገልግሎት" እንበል ብለን እንዴት እንደተከራከርን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ተልእኮው መጨረሻ ላይ "ለተጎዱት መድረስ" የምትለዋ ካልገባች ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ድምፅ ተሰጥቶ ገባች። የሚደረስለት ሰው እኔ እሆናለሁ ብዬ መች አሰብኩ! እትዬ ስብሰባው ላይ አልነበሩም። ማለቴ፣ ነበሩ። ቡናውን የሚያፈሉልን እሳቸው ነበሩ። አንዳችንም ዞር ብለን "እርስዎስ ምን ይላሉ?" አላልናቸውም።

ታሪካቸውን የሰማሁትም ሆስፒታል ቁጭ ብለን፣ ወሬ ስናጣ ነው። ቤተክርስቲያናችን መሠረተ ክርስቶስ በደርግ ዘመን፣ በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ ሕንፃው ሲወረስ፣ መሪዎቹ ሲታሰሩ፣ እሳቸው ገና ወጣት ነበሩ። ቁጥሩን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበረው ምእመን በ1983 በሩ ተመልሶ ሲከፈት 34,000 ገደማ ሆኖ ወጣ። እኔም አዲስ አባላት ሳስተምር ይቺን ቁጥር ሞቅ አድርጌ ነው የማወራት። እንዴት እንደመጣች ግን ጠይቄ አላውቅም። እትዬ ቤት የሚሰበሰቡት አምስት ሆነው ነበር፤ ከዚያ ከበዙ ጎረቤት ነገሩን ያውቃል። ረከቦቱ ይቀርባል፤ ሰው ድንገት ቢገባ ቡና እየተጠጣ ነው። መዝሙሩ በሹክሹክታ። መድረክ የለ፣ ማይክ የለ፣ ሰባኪም አንዳንዴ የለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው "ማን ታሰረ? ልጆቹ በልተዋል? ነገ ስንቅ የማን ተራ ነው?" የሚል ነበር አሉኝ። ፔርሙዝ ይዘው በር ላይ ቆመው ጥበቃ መለመን የለመዱት ያኔ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቃል ስመርጥ ነበር።

እትዬ፣ ይህን እንዲያነብልዎ ለልጅ ልጅዎ እነግረዋለሁ። ስምዎን አልጠራሁም። ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ወጣቶች! ስታዲየም ደም ባንክ ሄዳችሁ ክንዳችሁን የዘረጋችሁ፣ እናንተን ምን ልበላችሁ? "45 ኪሎ አልሞላህም" ተብለህ የተመለስከው ልጅ ደግሞ አንተን አልረሳህም። ፊትህ ትዝ ሲለኝ እስካሁን ያስቀኛል። ቤት ና፣ ባለቤቴ ብሉልኝ ማለት ጀምራለች፤ በአንድ ወር እንሞላሃለን።

የምልጃ ቡድን፣ መዘምራን፣ ሽማግሌዎችና መጋቢያችን፣ ተባረኩ። ሐኪሞችና ነርሶች፣ በተለይ የሌሊት ተረኞች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስም ሳትጽፉ ፖስታ ያስቀመጣችሁልን፣ ማንነታችሁን ለማወቅ የእጅ ጽሑፍ ሳመሳክር ነበር፤ አልተሳካልኝም።

ጎረቤቶቻችንም አላችሁ። ጸበል ይዘውልን የመጡት እማማ፣ "እናንተ አትቀበሉም አሉኝ፣ ግን ባዶ እጄን ልምጣ እንዴ?" ብለው ያሳቁን፣ እግዜር ያክብርልን፤ ባለቤቴ በሁለት እጇ ነው የተቀበለችዎት። ባለ ሱቁ ጎረቤቴ፣ የዱቤ ደብተርህን ገጽ አጥፈህ "ሲሻላት እናወራለን" ያልከኝ፣ ተሽሏታል። እናውራ። የዕድራችን ሰዎች፣ ዕድር ለቀብር ብቻ ነው ያለ ማነው?

አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ "ያልተናዘዛችሁት ነገር ካለ አስቡበት" ላለን ወንድምም ምስጋና አለኝ። ብርቱካኑ ጥሩ ነበር። (አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜ ነበር፣ አሁን አልፎልኛል። እኔም የሰው አልጋ ጫፍ ላይ ቆሜ ምን ምን እንዳልኩ ሳስታውስ ዝም ማለት ይሻለኛል።)

ደውላችሁ ያላነሳሁባችሁ፣ መልእክት ልካችሁ ያልመለስኩላችሁ፣ እስከ በር መጥታችሁ የጥየቃ ሰዓት አልፎባችሁ የተመለሳችሁ፣ ስማችሁን ያልጠራሁ፣ የረሳሁ፣ በእውነት ይቅርታ አድርጉልኝ። እሷ ከእኔ የተሻለ ታስታውሳለች፣ ስትጠነክር አንድ በአንድ ትደውልላችኋለች።

በመጨረሻ አንድ ማስታወቂያ። ቤታችን ሦስት ፔርሙዝ አለ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ እጀታው የተሰበረ (እንደዚያ ሆኖ ነው የመጣው፣ እኔ አልሰበርኩትም)፣ አንዱ ክዳኑ የሌላ ፔርሙዝ ነው። ሰሃንና ምሳ ዕቃ ደግሞ አልቆጠርኩም። የእናንተ የሆነውን ረቡዕ ማታ ኑና ውሰዱ። የቤት ኅብረቱ በዚያው እኛ ቤት ነው፣ አራት ኪሎ፣ ከገላን የምትመጡትን መመለሻችሁን መኪና ያላቸው ወንድሞች ተከፋፍለውታል።

ቡና የማፈላው እኔ ነኝ። እትዬ ይቀመጣሉ። ቡናውን ስቆላ ካሳረርኩት ማንም እንዳይነሳ።