ቅዳሜ የጮህኩት ለራሴ ነበር

ውድ ልጄ፣

ከቅዳሜው የጁዶ ግጥሚያህ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ፊት ለፊት ልነግርህ ሞክሬ ቃሉ አነቀኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

አሰልጣኝ መናገር የሚፈቀድለት ዳኛው «ማቴ» ብሎ ግጥሚያውን ሲያቆም ብቻ መሆኑን ለክለቡ ልጆች የማስተምረው እኔው ነኝ። ቅዳሜ ግን አራቱንም ደቂቃ ስጮህብህ ቆየሁ። «ግባ! አሁን ግባ!» የምለውም አንተ ያሰብከውን ሳይሆን እኔ ብሆን የማደርገውን ነበር። በአንተ ገላ እኔ ልጋጠም ፈለግሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን ካሚናጋን እንዳሸነፈ፣ በደስታ ወደ ታታሚው፣ ወደ መጋጠሚያው ምንጣፍ፣ የሮጡትን የአገሩን ሰዎች እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ይህን ለልጆቹ ስንት ጊዜ ተርኬላቸዋለሁ! ለራሴ ግን ያ እጅ ጎደለኝ። ይቅር በለኝ።

መወዳደር መተው ከብዶኛል፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ የተማመንኩት ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም እግር በእጄ አፍሼ በመጣል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሕጉ ጠበቀ፤ በ2013 ደግሞ ቆሞ እግር በእጅ መያዝ ጭራሽ ተከለከለ። አንተ ያኔ ትንሽ ስለነበርክ ማታ ማታ ለምን እንደምከፋ አይገባህም። ኡቺማታን፣ እግርን በባላጋራ ጭኖች መካከል አስገብቶ አንሥቶ መጣልን፣ እንደ ጀማሪ ሀ ብዬ ስማር፣ በየምሽቱ እየተነሣች መልሳ የምትወድቅልኝ አንዲት ባለ ቢጫ ቀበቶ ልጅ ነበረች። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ «ጂታ ክዮኤይ» ያለው፣ እኔም አንተም አብረን እንደግ ማለት፣ እስከዚያ ድረስ ለእኔ የግድግዳ ጽሑፍ ነበር። በእሷ ጀርባ ገባኝ።

አሁን የሚወድቅልኝ አንተ ነህ። አዲስ ነገር ባሳየሁ ቁጥር የምጥለው አንተን ነው። አገጭህን ወደ ደረትህ ሰብስበህ፣ ክንድህን ታታሚው ላይ ጧ አድርገህ ስትወድቅ የትንንሾቹ ፊት ሲፈታ አያለሁ። መውደቅ የሚፈራ ልጅ ገላውን ያደርቃል፤ ገላው ከደረቀ ደግሞ መጣልንም አይማርም። ያንን ፍርሃት ከእኔ ምክር ይልቅ የአንተ አወዳደቅ ነው የሚያስለቅቃቸው። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩህም።

ሐሙስ ጀማሪዎቹ ይመጣሉ። በዚህ ሳምንት የምታሳየው አንተ ነህ፤ የምትወዳትን ሴኦይናጌ፣ በትከሻ አሻግሮ መጣልን፣ አሳያቸው። እኔ እወድቅልሃለሁ። ቀኝ ጉልበቴን ብቻ አደራ።

እናትህ