የደመና ሞዴል ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ሠርቷል፤ በውስጡ ቅንጣት በረዶ የሌለበት፣ ከውኃ ጠብታ ብቻ የተሠራ ደመና እንዴት ዝናብ ሊሆን ይችላል? ይህ ዓይነቱ ደመና «ሞቃት ደመና» ይባላል። በእኛ የምድር ክፍል የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች የሚወርደው ከባሕር ወለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ፣ በክረምት ጠዋት እንጦጦን የሚሸፍነው ጉም ከዚሁ ወገን ነው። «ደመና ለብሔራዊ ፈተና ምን ይጠቅማል?» ለሚሉ ባልደረቦቼ ያለኝ መልስ አጭር ነው፤ የጋዞችን ሕግ በቃላቸው ያጠኑ ልጆች ዘንድሮ ሕጉን ሲሠሩበት አይቻለሁ።

ሃያ ሦስት አባላት ነበሩን። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተሰብስበናል፤ በሰልፍ ሰዓትና በሚኒ ሚዲያም ዝግጅት አቅርበናል።

የደመናውን እድገት በኮምፒውተር የሚያሰላ ሞዴል መሥራት በኤክሴል ጀምረን በኅዳር ፓይተን ወደሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ተሻገርን። አንድ እሽግ አየር ከግቢያችን ተነሥቶ በሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል ብለን አሰብን። አየሩ በእርጥበት እስኪሞላ ድረስ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎት ወደ ውኃ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት፣ ማለትም የጤዛ ነጥቡ ላይ ሲደርስም እንፋሎቱ በጨው፣ በጭስና በአቧራ ብናኝ ላይ እያረፈ ጠብታ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ሰመረልን። ይሁን እንጂ ጠብታ በእንፋሎት ብቻ ሲያድግ በተለቀ ቁጥር እድገቱ እየዘገየ ስለሚሄድ፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 500 ጠብታ ይዘን ያስኬድነው ሞዴል ከግማሽ ሰዓት በኋላም ቢሆን ራዲየሱ ከሚሊ ሜትር መቶኛ እምብዛም ያላለፈ ጠብታ ብቻ ይሰጠን ነበር። ራዲየሱ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነ የዝናብ ጠብታ እንዲህ ያሉ አንድ ሚሊዮን ጠብታዎችን ይዟል። ስሕተቱ ኮዱ ውስጥ መስሎን ሦስት ሳምንት ፈለግን፤ አላገኘንም። በዚያ ጊዜ ስድስት ተማሪዎች ክበቡን ለቀው ወጥተዋል።

በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ እንጦጦ ወጣን። ከመነሣታችን በፊት ልጆቹ ሁለት ቴርሞሜትር ወስደው፣ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ የግቢያችንን ሙቀት 15፣ የጤዛ ነጥቡን 10 ዲግሪ አገኙ። ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 125 ሜትር ከፍታ ስለሚታሰብ፣ የደመናው ወለል 2,400 ሜትር ላይ ካለው ግቢያችን 625 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ማለትም ከባሕር ወለል በላይ 3,025 ሜትር አካባቢ መገኘት ነበረበት። በዳገቱ ላይ ስልካቸውን እያዩ ከፍታውን ይጠሩ ነበር። 3,060 ላይ ስንደርስ ከፊታችን ያለው የባሕር ዛፍ ደን ጠፋብን። ወረቀት ላይ ያሰሉት ደመና ውስጥ በእግራቸው ገብተው ነበርና፣ የደስታ ጩኸታቸውን ለማብረድ ጊዜ ወስዶብኛል።

ዝናብ አልነበረም፤ ዛፎቹ ሥር ግን ጠብ ጠብ ይል ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ በረቡዕ ስብሰባዎቻችን ድምፅዋን ብዙም ሰምተነው የማናውቅ ልጅ፣ ከአንድ ቅጠል ፊት ቆማ ቀረች። ተመልሼ ስጠራት ዓይኗን ከቅጠሉ ሳትነቅል «ቲቸር፣ ብቻቸውን እኮ አያድጉም፤ አንዱ ሌላውን ሲነካ ነው የሚወርደው» አለችኝ። በቅጠሉ ላይ ያረፉት ደቃቅ ጠብታዎች እየተገናኙ ይዋሐዱ፣ የከበደውም እየተንሸራተተ በመንገዱ ያሉትን ሁሉ ጠርጎ ይወርድ ነበር። ሞዴላችን የጎደለው መጋጨትና መዋሐድ መሆኑን እኔ ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ እርሷ ግን ማንም ሳይነግራት በዓይኗ አገኘችው። በዐሥራ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ጠዋት ሙያዬን የወደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት አውስትራሊያ ይሠራ የነበረው የደመና ተመራማሪ ቦወን እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመውን የስሌት መንገድ ተከትለን፣ ክብደቷ ከሌሎቹ እጥፍ የሆነ አንዲት ጠብታ ሞዴሉ ውስጥ ጨመርን። ይህች ጠብታ ትንንሾቹን እየለቀመች አድጋ ዝናብ ሆነች፤ ኮዱንም የጻፈችው ያችው ልጅ ናት። ቀጥለን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 100 ጠብታ ያለውን ንጹሕ አየርና 1,000 ጠብታ ያለውን ጭሳማ አየር አነጻጸርን። በጭሳማው አየር ያለው ውኃ ለብዙዎች ስለሚከፋፈል ጠብታዎቹ ያንሳሉ፣ ዝናቡም ይዘገያል። ማገዶና መኪና በሚያጨሱባት ከተማችን ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

በኮምፒውተር ክፍላችን ካሉት ማሽኖች የሚሠሩት አራት ብቻ ናቸው፤ ሁለት ጊዜም መብራት ሲጠፋ የሌሊት ሙሉ ስሌት ባክኖብናል። ለመድረክ ማስጌጫ በየዓመቱ የሚወጣው ወጪ በከፊል እንኳ ወደዚህ ቢዞር፣ ልጆቹ የአንዱን ሳምንት ሥራ በሌላው ሳምንት ባልደገሙት ነበር።

ለ2018 ዓ.ም. ያቀድነው ነፋስ ከጎን ሲገባና ሲወጣ የሚያሳየውን ባለ ሁለት አቅጣጫ ሞዴል መሥራት ነው። ለዚህም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስና ሦስት ያገለገሉ ላፕቶፖች ያስፈልጉናል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በመስከረሙ ስብሰባ እንዲያይልን ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርበናል፤ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ደግሞ ማሽኑ አሮጌ ቢሆንም እንጠግነዋለንና አትሸማቀቁ። ዘወትር ረቡዕ ከሰዓት በፊዚክስ ላቦራቶሪ እንገኛለን።