ለልጆቹ አውሮፕላን አንድ ሜዳ፦ ለደሴ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለደሴ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣

ጉዳዩ፦ በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ለማብረር ቦታና ሰዓት እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ነዋሪ ነኝ፤ የምተዳደረው በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው። ትርፍ ጊዜ ሳገኝ ከፎም አውሮፕላን እሠራለሁ። ይህን የሚወዱ ልጆች ሱቄ ድረስ ይመጣሉ። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ቆርጠው ክንፍ ያወጣሉ። መጀመሪያ በማስቲሽ ያጣብቁትና ፎሙ እየቀለጠ ሲበላባቸው ይደነግጣሉ። ከዚያ የአናጢ ነጭ ኮላ እንደሚሻል እነግራቸዋለሁ። ደብዳቤውን የምጽፈው ስለነሱ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ አንዱ ልጅ፣ የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ አውሮፕላኑን ከቤቱ ጀርባ አነሣው። ሁለት ዙር አማረበት። ሦስተኛው ላይ ሲዞር ፍጥነቱን ቀነሰ፤ አንዱ ክንፍ ዘንበል አለና ተምዘግዝጎ የጎረቤት ግቢ ገባ። እማማ ስንዴ አስጥተው ነበር። ስጡ መሃል ወደቀ። ሮጠን ስንደርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ልጁ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል «አብሽር ልጄ፣ የዚያን ጊዜው መስሎኝ ነው» አሉት። እጃቸው ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ይህ ነገር ከውስጤ አልወጣም። የደሴ ሰው ሰማይ ላይ የሚያጓራ ነገር ሲሰማ ቀና ብሎ የሚያየው በደስታ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ ደብድበዋል። የ2014ቱ ጦርነት ደግሞ ከሁላችንም ቤት አልፏል። ልጆቹ ያንን ድንጋጤ በሰው ላይ እንዲመልሱበት አልፈልግም። ፎማቸውን ቀምቼ «ተዉት» ማለትም አልችልም። ብላቸውም አይተዉትም፤ ተደብቀው ነው የሚያበሩት።

ልጁ ለምን እንደወደቀበት ልንገራችሁ፤ የሜዳው ጥያቄ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ሳይወድቅ አየር ላይ ለመቆየት በመቶ 13 ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ፕሮፔለሩም የሚስበው አየር ቀጭን ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ልጁ ቆላ አገር የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ ያንኑ ለመድገም ሞከረ። እኔ አሁን ለሁሉም የምላቸው አንድ ነው፦ ክንፉን ሰፋ፣ ክብደቱን ቀለል አድርጉ፤ ስትዞሩ ሞተሩን አትቀንሱ፤ ስታሳርፉ ረጅም ቦታ ተዉ። ረጅም ቦታ ደግሞ ሰፈር ውስጥ የለም። በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል የተጣበበች ከተማ ናት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከተራራው ጋር እየተጋጨ ይገለባበጣል። የምንፈልገው የኳስ ሜዳ ሁለት እጥፍ የሚሆን፣ ቤትና የመብራት ሽቦ የሌለበት ቦታ ነው።

እኔ ያሰብኩት ቦሩ ሜዳ አካባቢ፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከገበሬዎቹ ጋር ተስማምተን ነው። ሌላ የተሻለ ቦታ ካላችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። ሰዓቱ ቅዳሜ ጠዋት ከ12፡30 እስከ 3 ሰዓት ቢሆን ይበቃናል። ያኔ ነፋሱ ገና አልተነሣም።

ኮምቦልቻ ያሉት ልጆች ነገር የበለጠ ያሳስበኛል። እነሱ ዘንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። መንገደኛ ጭኖ ለማረፍ ዝቅ ባለ አውሮፕላን መንገድ ላይ አንድ ኪሎ የማይሞላ ፎም እንኳ መግባት የለበትም። «እዚያ ፈጽሞ አታንሡ» ብያቸዋለሁ። ሜዳው ከተፈቀደ ክንፋቸውን በብብታቸው ይዘው በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ይወጣሉ።

ከኛ በኩል ያለውን ልናገር። አሜሪካም አውሮፓም የተለመደው የበረራ ከፍታ ጣሪያ ከመሬት 120 ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ግማሹ ይበቃናል። ካሜራ አንጭንም። ይህን አስምሩበት፤ የማንንም ግቢ ማየት አንፈልግም። የሁሉም አብራሪ ስም ከወላጅ ስልክ ጋር ይመዘገባል፣ ቀበሌውና ፖሊስ ከዋዜማው ያውቁታል።

ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ አውሮፕላን ይፈተሻል። ሪሞቱ ቀድሞ ይከፈታል፣ የአውሮፕላኑ ባትሪ በኋላ ይሰካል፤ ሲያበቃ ባትሪው ቀድሞ ይነቀላል። ከዚያ አንድ ሰው አውሮፕላኑን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ሞተሩን በትንሹ ያስነሣና ሪሞቱን ያጠፋል። ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ ያ አውሮፕላን በዚያን ቀን አይነሣም፤ የልጁ እንባ ቢወርድም አይነሣም። ሪሞቱ አየር ላይ ቢቋረጥ ሞተሩ እየዞረ ሰው ላይ እንዳይሄድ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ባትሪውም ቀልድ አይደለም። አውሮፕላኖቹ የሚሠሩበት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) የሚባለው ባትሪ በየሴሉ፣ ማለትም በውስጡ ባለው በእያንዳንዱ ክፍል፣ ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ ወይም ከተበሳ እሳት ነው። ያበጠ ባትሪ ያመጣ ልጅ ባትሪውን እኔ ጋ ትቶ ይሄዳል። ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቶ መተኛት ክልክል ነው። ወላጆችም ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ አልጋ ሥር ሲሞላ ያየሁበት ቤት አለ።

ከናንተ የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ቦታውንና ሰዓቱን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት አንድ ደብዳቤ ነው። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንንና የጸጥታ አካላትን የሚመለከተውንም አብራችሁን ብትጠይቁልን እንወዳለን። እኛ ብቻችንን በራቸውን ብናንኳኳ ማን ናችሁ መባላችን አይቀርም፤ ቢሉንም አይፈረድባቸውም። የሚያስፈልግ ፎርም ካለ እንሞላለን። እስኪፈቀድ ድረስ ደግሞ ምንም አናነሣም፤ ልጆቹን ቃል አስገብቻቸዋለሁ። እስካሁን ጠብቀዋል።

ቀጠሮ ስጡንና አንዱን አውሮፕላን ባትሪውን ነቅዬ ይዤ ልምጣ። በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት። እማማም አብሬ እመጣለሁ ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ