ተከላካይ አማካይ ሁሌ 6 ነጥብ ብቻ ነው እንዴ?

ይድረስ ለስፖርት አምድ አዘጋጅ፣ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከየጨዋታው በኋላ ለተጫዋቾች ከ10 የምትሰጡትን ነጥብ እከታተላለሁ፣ ግን አንድ ነገር ከልቤ ያበሳጨኛል፤ ጎል ያገባ ወይ አሲስት ያደረገ 8 እና 9 ያገኛል፣ ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ የተቃራኒን ጥቃት የሚያቋርጠው ተከላካይ አማካይ ግን ሜዳውን ሙሉ ሲያካልል ውሎም 6 ነው። ሁሌ 6!

እስቲ ተከላካይ አማካዩን ክላውድ ማኬሌሌን አስታውሱት። ኪንሻሳ ተወልዶ ፈረንሳይ ያደገ ልጅ ነው፣ በ1995 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከናንት ጋር የፈረንሳይ ሊግን በላ፣ በማርሴይና በሴልታ ቪጎ አድርጎ በ2000 ሪያል ማድሪድ ገባ። እዛ የመስመር ተከላካዩ ሮቤርቶ ካርሎስ በግራ በኩል ቦታውን ጥሎ ወደፊት ሲወጣ ክፍተቱን ማን ነበር የሚሸፍነው? ኳሷን ከነጠቀ በኋላ ደግሞ ልታይ ልታይ አይልም፣ አንዴ ወይ ሁለቴ ነክቶ ለዚዳን ይሰጥና ቦታው ላይ ተመልሶ ይቆማል፣ በቃ 90 ደቂቃ ሙሉ ሥራው ይሄ ነው። በ3 ዓመት 2 ላሊጋና የ2002 ሻምፒዮንስ ሊግ በሉ።

በ2003 ክረምት ቤካም መጣ፣ ማኬሌሌ ግን ከኮከቦቹ በጣም ያነሰ ስለሚከፈለው ደመወዝ ይጨመርልኝ ቢል እምቢ ተባለና ቼልሲ ወሰደው። ከዛ በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ በዛው ሲዝን ማድሪድ በሞናኮ ከሻምፒዮንስ ሊግ ተሰናበተ፣ የንጉሡን ዋንጫ ፍጻሜ በዛራጎዛ 3 ለ 2 ተሸነፈ፣ ሊጉን ሲመራ ቆይቶ የመጨረሻዎቹን 5 ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፎ 4ኛ ወጣ፣ ላሊጋን ደግሞ እስከ 2007 አላገኘውም። እርግጥ አሰልጣኙ ዴልቦስኬም በዛው ክረምት ስለሄደ ሁሉንም በአንድ ሰው መሄድ ማሳበብ አይቻልም፣ ግን መሀል ሜዳው ወለል ብሎ መከፈቱን ያየ ሁሉ ያውቃል።

ቼልሲ በተራው በ2004/05 በ38 ጨዋታ የተቆጠረበት 15 ጎል ብቻ ነው! ከተከላካዮቹ ቴሪና ካርቫልሆ ፊት ማኬሌሌ ስለቆመ አማካዩ ላምፓርድ ኋላውን ሳያይ ወደፊት ይሄዳል፣ የላምፓርድ ጎሎች ውስጥ የሱም ድርሻ አለበት ባይ ነኝ። የዛ ሲዝን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ከተረጋገጠ በኋላ ከቻርልተን ጋር በመጨረሻው ደቂቃ ፔናሊቲ ሲገኝ ጓደኞቹ አንተ ምታ አሉት፣ በረኛው መለሰበት፣ የተመለሰችውን አገባት፣ ሁሉም እየሮጡ መጥተው ላዩ ላይ ተከመሩ። አብረውት የሚጫወቱት ዋጋውን እንዲህ ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ነጥብ ስትሰጡ ስንት ኳስ እንደነጠቀ፣ ተቃራኒ ቡድን በመሀል ስንቴ እንዳለፈ፣ የመስመር ተከላካዩ ሲወጣ ማን እንደሸፈነ አብራችሁ ብታዩልን። የሰፈር ልጆች ሁሉ 10 ቁጥር (ጎል የሚፈጥረው አጥቂ አማካይ) ካልሆንን የሚሉት የሚወደሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ከቻላችሁ ደግሞ አንድ ሙሉ ገጽ ለሌላው ተከላካይ አማካይ ለካንቴ ስጡልን፣ በ2016 ከሌስተር በ2017 ከቼልሲ ጋር፣ በሁለት ክለብ በተከታታይ ፕሪሚየር ሊግ የበላ ሰው እኮ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ