የኮምፒውተር ክበብ፦ ተለጣፊውን ትተን ፕሮሰሰሩን ጠየቅን

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ ነገር ሠርቷል፤ ድካማችን ግን ባብዛኛው አንድ ጥያቄ ላይ ነበር። ይህ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ቺፕ) "አለው" የተባለው ነገር እውነት አለው ወይ?

ጥያቄው ከሥራ የመጣ ነው። የ11ኛ ክፍል አባላት ዊንዶውሱን ሳይነኩ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ስርዓተ ክወና እዚያው ውስጥ ማስነሳት ፈለጉ። ለዚህ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋላይዜሽን፣ ማለትም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አድርጎ ማስኬድን፣ መደገፍ አለበት። በልገሳ ካገኘናቸው ኮምፒውተሮች ጋር የመጣው ወረቀት "ይደግፋል" ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን እምቢ አለ። ልጆቹ ወዲያው "ተሸወድን!" አሉ። መጀመሪያ እናጣራ ተባባልን።

ኮምፒውተሩ ላይ የተለጠፈው ምልክት የፕሮሰሰሩን ቤተሰብ ስም ብቻ ነው የሚናገረው። ዋናው ነገር ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ይህን በደንብ ያሳዩን ሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮቻችን ናቸው። ሁለቱም "ኮር 2 ዱዎ" ናቸው። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው ኢ6300 ቨርቹዋላይዜሽን አለው፤ ከዓመት በኋላ የወጣው ኢ4500 ግን፣ ፍጥነቱ ከፍ ቢልም፣ የለውም። አዲሱ ሁሉ የተሻለ ይመስላቸው የነበሩ ልጆች እዚህ ላይ በጣም ተከራከሩ፤ እኔም ክርክሩን ወደድኩት።

ከዚያ ፕሮሰሰሩን ራሱን ወደ መጠየቅ ገባን። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ሲፒዩአይዲ የምትባል መመሪያ አለቻቸው፤ አንድ ፕሮግራም በእሷ ሲጠይቅ ቺፑ ማንነቱንና የሚችለውን ነገር ይመልሳል። እኛ ሊኑክስ በፍላሽ አስነስተን ኤልኤስሲፒዩ የምትለዋን ትዕዛዝ ጻፍን። ከሚመጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ ኢንቴል ከሆነ ቪኤምኤክስ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤስቪኤም የሚለውን መፈለግ ነው።

ቺፑ "አለኝ" ማለቱም ብቻውን አይበቃም። ያ ፕሮግራሙ እምቢ ያለበት ኮምፒውተር ፕሮሰሰር፣ ኮር አይ5፣ ችሎታው ነበረው። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር ከፍተን፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ስናይ ቨርቹዋላይዜሽን "ዲሴብልድ" ይላል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቶ ነው! ከፈትነው፣ ሴቭ አድርገን አስነሳነው፣ ሊኑክሱም ሄደ። ወረቀቱ አልዋሸም ነበር፤ ለጋሾቻችንን በከንቱ ልናማ ነበር።

በዚያው ሰሞን የገረመን ሌላም ነገር አለ። ኢንቴል በ2013 ሃስዌል በሚባለው ትውልድ ቲኤስኤክስ የሚባል፣ አንድ ላይ የሚሠሩ የፕሮግራም ክፍሎች ሜሞሪን በቀላሉ እንዲጋሩ የሚረዳ ችሎታ አስተዋወቀ። በ2014 ስህተት ተገኘበትና በማይክሮኮድ (ከባዮስ ጋር ሊታደስ የሚችል የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ፕሮግራም) ማሻሻያ አጠፋው። እናም ሲገዛ የነበረው ችሎታ ባዮስ ሲታደስ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው፤ ለዚህ ነው የድሮ ማስታወቂያ አንብቦ ከመወሰን አሁን ማሽኑ ላይ ማየት የሚሻለው።

ሥራው ከላብራቶሪ ወጥቶ ቤተሰብ ጋ ሲደርስ ደግሞ የበለጠ ደስ አለኝ። የአንዷ አባላችን ወንድም ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ ሲል "ኳድ ኮር ነው" ተባለ። ልጅቷ ፍላሿን ይዛ ሄደች። ፕሮሰሰሩ አይ5-6200ዩ ነው፦ 2 ኮር (እውነተኛ የማስያ ክፍል)፣ 4 ትሬድ (እያንዳንዱ ኮር እንደ ሁለት ሆኖ ስለሚሠራ)። ሻጩም ታስክ ማናጀር ላይ አራት ሳጥን አይቶ አራት ኮር መስሎት ሊሆን ይችላል፤ ስታሳየው ተቀብሎ ዋጋ ቀነሰ። ላፕቶፑን ገዙት፣ ምክንያቱም ለሚፈልጉት ሥራ በቂ ነበር።

ወላጆች፣ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ በፍላሽ ማስነሳት ከከለከላችሁ ቢያንስ የፕሮሰሰሩን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ጻፉና አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት።

በሚቀጥለው ዓመት የምንጀምረው አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ፈትሸን በየሳጥናቸው ላይ ትክክለኛውን ዝርዝር በመለጠፍ ነው። አዲስ አባላት ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ 8 ጊጋ ይበቃል።